አክሲስ 4 እና 5 አዲሶቹ ፎቆች ላይ አልታይ አሉኝ (ሬቪት፣ የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌሩ)

ሰላም ወገኖች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያቆመኝ ነገር አለና የምታውቁ እርዱኝ።

ሕንፃው መጀመሪያ ጂ+4 ነበር። ግሪዱን (ኮለኖቹ የሚቆሙባቸውን የአክሲስ መስመሮች) አስምሬ ኮለኖቹን ከተከልኩ በኋላ ባለቤቱ ሐሳቡን ቀይሮ ጂ+7 ይሁን አለ (እንደተለመደው)። ሦስት ሌቭል (የፎቅ ከፍታ) ጨምሬ ኮለኖቹን ወደ ላይ ቀጠልኩ። አዲሶቹ ፕላኖች ላይ ግን አንድም ግሪድ የለም፤ ኮለኖቹ ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ እንደተበተነ ጠጠር ቁጭ ብለዋል።

ቪቪ ብዬ የሚታየውና የማይታየው የሚመረጥበት ገባሁ፣ አኖቴሽን ውስጥ ግሪድ ምልክት ተደርጎበታል። ከታች ያለችውን፣ የተደበቀውን የምታሳየውን አምፖል ተጫንኩ፣ የተደበቀ ነገር የለም። በኋላ ነው የመስመሮቹ ቁመት ከአዲሶቹ ሌቭሎች በታች መቅረቱ የገባኝ። ኤሌቬሽን (የጎን እይታው) ላይ ጫፋቸውን ይዤ ከጣሪያው በላይ ስጎትት በፊደል የተሰየሙት መስመሮች ሁሉ፣ ከቁጥሮቹም ከ1 እስከ 3 ያሉት መጡልኝ።

የቀሩት 4 እና 5 ናቸው። ቦታው በአንድ ጎኑ ሰያፍ ስለሆነ ሁለቱ ዘንበል ብለው ነው የተሰመሩት፤ ከአራቱ ኤሌቬሽን በአንዱም አይታዩም። የማላየውን ምኑን ይዤ ልጎትት? ሰርዤ እንደገና እንዳላሰምር፣ እነሱን ተደግፎ የተለካው ዳይሜንሽን ሁሉ አብሮ ይሄድብኛል።

በሰያፉ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚያይ ሴክሽን ቆርጬ እዚያ ላይ ልጎትታቸው ወይስ ስኮፕ ቦክስ (የግሪዶቹን ወሰን በአንዴ የሚይዘው ሳጥን) ይሻላል? ስኮፕ ቦክስ ነክቼ አላውቅም፣ የተስተካከሉትን እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ። ስትራክቸር የሚሠራው ልጅ ፋይሉን ነገ ጠዋት ይፈልገዋል።