ኤሌክትሮን «ሰምና ወርቅ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ እዚህ ሐዋሳ ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጄ ኤሌክትሮን ሞገድም ቅንጣትም መሆኑን ለተማሪዎቹ «ሰምና ወርቅ ነው» እያለ ያስረዳል። ፈሊጡ ይስማማልን? «የኃይል እርከን» የሚለውስ?

መልስ፦ የወዳጅዎ ፈሊጥ ውብ ቢሆንም ያሳስታል። ሰም መሸፈኛ፣ ወርቅ የተፈለገው ምሥጢር በመሆኑ፣ አድማጩ ወርቁን ካገኘ ሰሙን ይተወዋል፤ በኤሌክትሮን ግን የሚተው ወገን የለም። አሜሪካውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ዴቪሰንና ገርመር በ1927 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኖችን ወደ ኒኬል ክሪስታል ሲልኩ፣ ተመላሾቹ በአንዳንዱ ማዕዘን በርክተው፣ በሌላው ሳስተው ተገኙ። ይህ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ሁለት ጀልባዎች ሲተላለፉ የምናየው ነው፦ ያስነሡት ሞገድ ሲገናኝ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይጠፋፋል። («ማዕበል» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ማዕበል ግን ቁጣ አለበት፣ ኤሌክትሮን አልተቆጣም።) ያው ኤሌክትሮን መመዝገቢያው ላይ ሲያርፍ ደግሞ አንድ ሙሉ ሆኖ ነው፤ ግማሹ ተይዞ አያውቅም። «ቅንጣት» መባሉም ስለ ትንሽነቱ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ጤፍ ፍሬ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። እኔ «ጥንድ ባህርይ» እላለሁ፤ የግድ ከቅኔ ይወሰድ ከተባለም፣ አንድ ቃል ሳይከፈል ሁለቱንም ፍቺ የሚሸከምበት «ኅብር» ይሻላል።

ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ ሊይዛቸው ለሚችሉት የተወሰኑ የኢነርጂ መጠኖች «እርከን» ማለት ግን ጥሩ ምርጫ ነው። «ደረጃ» ብንል እኩል እኩል የተሠራ መወጣጫ ይታሰበናል፤ የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ቦር በ1913 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው የሃይድሮጅን ሞዴል ግን የመጀመሪያው -13.6፣ ሁለተኛው -3.4፣ ሦስተኛው -1.5 ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ያህል ሆኖ፣ ወደ ላይ በሄድን ቁጥር እየተጠጋጋ ይሄዳል። የዳገት እርሻ እርከንም እንደ መሬቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በመካከሉ ባለው ካብ ላይ ደግሞ ዘር አይዘራም። ኤሌክትሮኑ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ልዩነቱን፣ 1.9 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖ ሜትር በሆነ ቀይ ብርሃን ያወጣዋል። እርከኖቹ ተነጣጥለው የቆሙትም በሞገድነቱ የተነሣ ነው፦ ሁለት ጫፉ የታሰረ የክራር አውታር የፈለገውን ሁሉ ሳይሆን የተወሰኑ ድምፆችን ብቻ እንደሚሰጥ፣ በአቶም ውስጥ የታጠረ ሞገድም የሚጸናው በተወሰኑ መልኮች ብቻ ነው።

የሚከብደኝ «ኃይል» የሚለው ነው። ለግፊትና ለስበትም የምንጠራው በዚሁ ቃል ስለሆነ ተማሪው እነዚህንና ኢነርጂን ያምታታል፤ ስለዚህ «የኢነርጂ እርከን» ብሎ መጻፉን እመርጣለሁ።