አይሲዩ (ፅኑ ህሙማን ክፍል) ውስጥ ልጃቸው ለተኛ ወላጆች ምን ይባላል?

አዲሷ ነርስ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ወደ ህፃናት አይሲዩ ተዛውሬ ነው፣ ስራው ራሱ እየገባኝ ነው፣ ሳክሽኑም (አክታ መምጠጫው) የመድሃኒት ፓምፑም ሞኒተሩም ብዙ አያስቸግረኝም፣ ያቃተኝ ወላጆቹ ናቸው። አሁን አንዲት እናት አለች ልጇ ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ላይ ነው፣ ገና አልጋው ጋ ስደርስ "ሲስተር ይድናል አይደል?" ትለኛለች፣ በገባሁ ቁጥር ነው የምትጠይቀኝ። ይድናል ብላት ውሸት ሊሆን ነው፣ አላውቅም ልላት ደግሞ አፌ አይፈታም። አባትየው ጥግ ይዞ ሞኒተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ነው የሚውለው፣ አላርም ሲጮህ ዘሎ "ምን እየሰራችሁ ነው እናንተ!" ይለናል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? እኛ ነርሶችስ መናገር የምንችለው እስከምን ድረስ ነው?

የማታ ፈረቃ
እህቴ እኔ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ። ቻርት እየሞላሽ ቆመሽ የምትመልሺው መልስ ምንም ቢሆን አይገባም። ከዛ "የነገውን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርሽ አይችልም፣ የዛሬውን ግን ልንገርሽ" ብዬ ያየሁትን እነግራታለሁ፣ ኦክስጅኑን ከ60 ወደ 45 ፐርሰንት ቀንሰንለታል፣ ሽንቱ ጥሩ ነው፣ ትኩሳቱ ግን አልወረደም፣ አሁንም በጣም ታሟል። ይሄ ያንቺ ስራ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው የሚለውን ሀኪሙ ይናገር፣ አንቺ ግን አብረሽ ግቢ፣ ሲወጣም አትውጪ፣ ምክንያቱም በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ከተነገረው ግማሹንም አይሰማም። "እስቲ ምን አሉሽ?" ብለሽ በራሷ አፍ እንድትነግርሽ አድርጊ፣ የተሳሳተችው ነገር ካለ ያኔ ነው የሚወጣው። ደግሞ በፈረቃ ርክክብ ላይ ለቤተሰቡ ምን እንደተነገረ አስተላልፉ በናታችሁ፣ የጠዋቷ "ተሽሎታል" የማታዋ "አስጊ ነው" ስትል ነው ሰው እምነት የሚያጣው።

አባትየው ተቆጥቶ አይደለም ፈርቶ ነው። አላርሙ ከመጮሁ በፊት አስረጂው፣ ጣቱ ላይ ያለችው ኦክስጅን የምትለካዋ ነገር ልጁ ሲንቀሳቀስ ወይ እጁ ሲቀዘቅዝ ማንበብ ያቅታትና ትጮሃለች፣ እኛ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የልጁን ከለርና አተነፋፈስም ነው የምናየው በይው። ሌላው፣ የመተንፈሻ ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መሀል ስለሚያልፍ ልጁ ሲያለቅስ ድምፅ አይወጣም፣ ፊቱ ብቻ ነው የሚያለቅሰው፣ ይሄን ሳይነገረው ድንገት ያየ ወላጅ ልጄ ታፈነ ብሎ ይጮሃል ወይ ይወድቃል። ፊቱ እንደሚያብጥም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አስታማሚ ነበርኩ
እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ልጄ አይሲዩ ገብታ ከወላጅ በኩል ያየሁትን ልበል። አንዷ ሲስተር ልጄ በማስተኛ መድሃኒት ተኝታ እያለች እንኳን ስሟን ጠርታ "ጉሮሮሽን ልጠርግልሽ ነው፣ ትንሽ ያስልሻል፣ ወዲያው እጨርሳለሁ" ትላታለች ከዛ ነው የምትነካት። ምናልባት ልጄ አልሰማች ይሆናል እኔ ግን ሰምቻለሁ፣ ከዛ በኋላ ትንሽም ቢሆን መተኛት ቻልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ጋውዝ በውሃ አርሳ ሰጠችኝና "ከንፈሯን አንቺ አርጥቢላት" አለችኝ፣ ዳይፐሯንም ከሷ ጋር ሆኜ ቀየርኩ፣ እስከዛ ድረስ እኮ ሽቦዎቹን ፈርቼ አልነካኋትም ነበር። "አታልቅሺ" የሚሉኝን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም። እና ወንድሟን ማንም አላስታወሰውም፣ ቤት ቀርቶ እህቱ በሱ ጥፋት የታመመች መስሎት ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ካለ ጠይቋቸው።

ቀጥ በል
ሁሉም ጥሩ ነው ግን አሁን ወላጅ ሁሌ ይግባ የሚባለው ነገር ይበዛል። ሲፒአር (ልቡ ሲቆም ደረት እየተጫኑ ማዳን) ላይ እናት ስትጮህ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ማስወጣት ነው።

የማታ ፈረቃ
@ቀጥ በል ወንድሜ ድሮ ለጉብኝትም እንዲሁ ነበር የሚባለው፣ ወላጅ ሲመጣ ህፃኑ ያለቅሳል ተብሎ በር ይዘጋ ነበር፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ነው ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ይግቡ ያለው። ሲፒአርም ላይ የአሜሪካ የልብ ማህበር ከ2000 ጀምሮ ምርጫው ለቤተሰቡ ይሰጥ ብሏል። ምርጫ ነው ግዴታ አይደለም። ዋናው አንድ ሰው ሌላ ስራ ሳይኖረው አጠገባቸው ይቁም፣ ምን እየተሰራ እንደሆነ ይንገራቸው፣ መውጣት ከፈለጉ ይዟቸው ይውጣ፣ ስራውን ካወኩ ደግሞ እሱ ነው የሚያወጣቸው። ሰው ከሌለ ያልከው ልክ ነው፣ ብቻቸውን ማቆም ጭካኔ ነው።

ቀጥ በል
ሰው ካለ እሺ። እኛ ጋ ማታ ማታ ሰው የለም እኮ ችግሩ።

አዲሷ ነርስ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባትየውን ስለ አላርሙ አስረዳሁት፣ መጮሁን ቀንሷል፣ አሁን ግን ደብተር ይዞ የሞኒተሩን ቁጥር በሙሉ መፃፍ ጀመረ። ልከልክለው ወይስ ልተወው?

የማታ ፈረቃ
አትከልክይው፣ እጁ ስራ አገኘ ማለት ነው። ግን ቁጥር ብቻ አይሁን፣ ዛሬ አይኑን ገለጠ፣ እናቱ ይሄን ተረት ነገረችው፣ ይሄ ቱቦ ወጣለት እያለ ይፃፍ፣ አንቺም ማታ ላይ ሁለት መስመር ጨምሪለት። አይሲዩ ዳያሪ የሚባለው ይሄው ነው፣ ልጁ ሲያድግ የማያስታውሰውን ጊዜ የሚያነብበት ይሆናል። ፎቶ ልለጥፍበት ካልሽ ግን መጀመሪያ ሄድ ነርሷን (የነርሶች ኃላፊዋን) ጠይቂ፣ ሌላ ህፃን አብሮ እንዳይነሳ።