ተማሪ የሚጠብቅ የናፍጣ ሚኒባስ ሞተር ይጥፋ ወይስ አይጥፋ?

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት በር ላይ የሰርቪስ ሚኒባሶች ሞተር ሳያጠፉ ይቆማሉ። ጭሱ ልጆቹ ፊት ላይ ነው። ሾፌሮቹ «ደጋግሞ ማስነሳት ነዳጅ ይበላል፣ ሞቶሪኖም (የሞተር ማስነሻውንም) ይጨርሳል» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ 1፦ የነዳጁ ነገር ስህተት ነው። የሞቀ ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ነዳጅ በጣም ጥቂት ነው። ቆሞ ሲሠራ ግን 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚጠብቅ ያጥፋ። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ግን መጀመሪያ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ሳይጠፋ ይተንፍስ፤ አለዚያ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ያርራል።

መልስ 2፦ ብዙዎቹ የማያጠፉት ባትሪውን ስለማያምኑት ነው። እሱ ሳይስተካከል ምክር ብቻውን አይሠራም። አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ተርሚናሉ (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ቆሽሿል። ተርሚናሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፤ ገመዶቹን ስትፈቱ ኔጌቲቩን (−) አስቀድሙ።

መልስ 3፦ ሳያጠፉ መቆም ሞተሩንም ይጎዳዋል። ቆሞ ሲሠራ ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞቅ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ኖዝሉ (ናፍጣ የሚረጨው ክፍል) ላይ ካርቦን ይጋገራል፣ የተረፈው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና መጠኑ ከፍ ካለ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ይቀየር። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ በከፍታው ምክንያት ስስ ነው፤ በዚያ ላይ የአየር ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ አየር ያጥረውና ጭሱ ይጠቁራል።