ጥቆማ፦ የጭራቃችሁን አፍ እርጥብ ለማስመሰል የቱን ልግዛ ለምትሉ

ከመደብር የገዛችሁትን የፊልም ጭራቅ እንዳለ ከመደርደር ይልቅ ጅማት፣ ጥርስ፣ ጠባሳና ለሃጭ እየጨመራችሁ የራሳችሁ ማድረግ የጀመራችሁ ወዳጆች የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የት ልሂድ? የቱን ልግዛ? ወይስ ለባለሙያ ልስጠው? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነውና የምጠቁማችሁ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ገዝቼና ሞክሬ ያወቅሁትን ነው። መልሴን ላስቀድም። ገንዘባችሁን በቀለም ብዛት ላይ አታፍስሱት። አንድ ጥሩ ብሩሽና አንድ የኤፖክሲ ሊጥ፣ ማለትም ተለውሶ የሚጠነክር ቅርጽ መሥሪያ፣ ግዙ፤ የተረፈውን በሙሉ በአፉ ላይ አውሉት።

ለምሳሌ የምወስደው ብዙ ጊዜ የሠራሁበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን የ«ኤሊየን» ፊልም ፍጡር ነው። ሰብሳቢዎች ፊገር የምንለውን ይህን ቅርጽ ኔካ የተባለው የኒው ጀርሲ ኩባንያ በ7 ኢንች ልኬት ያወጣዋል፤ እኔ የገዛሁት 40 ዶላር ገደማ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ አያሳፍርም። የጎደለው እርጥበት ነው። ያ ፍጡር በፊልሙ ውስጥ ያስጨነቀን አፉን በከፈተ ቁጥር ለሃጩ ስለሚዝረበረብ ነበር። በቀረጻው ጊዜ ለሃጩ የሚሠራው ኬ ዋይ ጄሊ በተባለ ውሃ አዘል ቅባት ነበር፤ እኛ የምንፈልገው ግን ደርቆም እርጥብ መስሎ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ባለሙያ አገልግሎት። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ በክፍያ ለሚሠራ ሰው ሰጥቼ ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ሲመለስልኝ ቀለሙ ያምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አቧራ ልጠርግለት ሳነሳው የአውራ ጣቴ አሻራ ጀርባው ላይ ታትሞ ቀረ፤ የጠረግሁበት ለስላሳ ወረቀትም በየጎድን አጥንቱ መካከል ተጣብቆ ተበጣጠሰ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። እነዚህ ቅርጾች በአብዛኛው የሚሠሩት ለስላሳ ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። በዘይት ወይም በጠንካራ ማሟሟያ የተበጠበጠ ቀለም ከዚያ ጋር ሲገናኝ አይደርቅም፤ ወራት ቢቆይም ይጣበቃል። ብዙዎቹ የሚረጩ የቆርቆሮ ቀለሞችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነ ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት «በምን ዓይነት ቀለም ነው የምትቀባው?» የሚለውን ይሁን። በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ካላለ ቅርጻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ለ7 ኢንች ቅርጽ ግን እኔ ራሳችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ።

ከልቤ የምመክረው አገልግሎት በዲሲ መሃል የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ «ዘ ላብስ» በሚባለው ክፍል ሦስት አውታር (3D) ማተሚያ አለ። ቅርጹ የሚቆምበትን መደብ፣ የመርከብ ወለል ወይም የብረት ፍርግርግ አድርጎ ለማሠራት ይበቃል። ጥርስና ጥፍር ግን አታሳትሙበት፤ ፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚደራርብ ማሽን መስመሩን ትቶ ይሄዳል፤ በትንሽ ነገር ላይ ደግሞ ያ መስመር ዓይን ይወጋል። ከመሄዳችሁ በፊት የአጠቃቀም ደንቡን ጠይቁ።

ወደ ሊጡ እንሂድ። ሚሊፑት የዌልስ ምርት ነው፤ ሁለቱን ዱላ እኩል ቆርጣችሁ ትለውሱታላችሁ፣ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ይጠነክራል። በውሃ በረጠበ ጣት ይለሰልሳል፣ ከደረቀ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። ለጥርስና ለአጥንት ከእሱ የተሻለ አላየሁም። በቀጭኑ ሲሳብ ግን ይሰበራል። ግሪን ስታፍ የተባለው፣ ቢጫና ሰማያዊው ተለውሶ አረንጓዴ የሚሆነው፣ ተቃራኒው ነው፤ ደርቆም እንደ ጎማ ይታጠፋል፣ ለመሞረድ ግን እንቢ ይላል። አፖክሲ ስካልፕት ጥሩ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ይፈልጋል፣ መያዣውም ለትልልቅ ሥራ የታሰበ ነውና ለጀማሪ አይቸኮልበትም። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ግሪን ስታፉን እላለሁ፤ ምክንያቱም በመንጋጋው ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ጅማቶች የሚሠሩት በእሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ሊጥ ውሰዱና በረጠበ መስታወት ላይ እንደ ስፌት ክር እስኪቀጥን በጣታችሁ አንከባልሉት። በስቴኪኒ ጫፍ አንስታችሁ ከላይኛው መንጋጋ ወደ ታችኛው ዘርጉት፤ ሁለቱን ጫፎች ተጫኑ፣ መሃሉን ተዉት። በራሱ ክብደት ጥቂት ይረግባል። ሥጋ የሚያስመስለው ያ መርገቡ ነው። በአንድ ወገን አራት ወይም አምስት ይበቃል።

እግርና ክንድ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በፊልሙ የፍጡሩን ልብስ ለብሶ የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ወጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ሌጎስ የተወለደ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትርን ያለፈ፣ እጅግ ቀጭን ሰው። ለንደን ከመግባቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥነ ጥበብ መማሩን ያወቅሁ ዕለት ይህን ቅርጽ የማይበት ዓይን ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ የማንም ባዕድ ፍጡር አይመስለኝም። የፍጡሩ ግርማ ያለው በእሱ ቅጥነት ላይ ነው። ክንዱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊጥ ብትደርቡ ቅጥነቱን ትገድሉታላችሁ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። የስፔኑ ቫዬሆ በጠብታ ስለሚለካ ለመቀላቀል ይመቻል፤ በዋርሃመር መደብሮች የሚሸጠው ሲታዴል በብሩሽ ከማሰሮው ስለሚቀዳ መለካት ያስቸግራል፣ ኑልን ኦይል የሚባለው ቀጭን ጥቁር ቀለሙ ግን በየስንጥቁ ገብቶ ጎድን አጥንቱን ነጥሎ ያወጣል። ማይክልስን በመሰሉ የእደ ጥበብ መደብሮች በሁለት ዶላር ገደማ የሚገኘው ጠርሙስ ለመቆሚያው መደብ እንጂ ለፊቱ አይሆንም፤ ደቃቅ ስላልሆነ ዝርዝሩን ይደፍነዋል። ደግሞ ጥቁሩን በጥቁር ብቻ አትቀቡት። ጥቂት ሰማያዊና ቡናማ ጨምሩበት፤ ከመብራት ሥር ሲዞር ቆዳው ሕይወት ይኖረዋል። ከመቀባታችሁ በፊት ቅርጹን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፤ ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም።

ብሩሽ ስትገዙ በጣም ቀጭኑን የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል። ሦስት ዜሮ የተጻፈበት ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ትንሽ ስለሆነ ጥርሱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ቁጥር 1 ሆኖ ጫፉ እንደ መርፌ የሚሾል የእንስሳ ጸጉር ብሩሽ ግዙ። እኔ ዊንዘር ኤንድ ኒውተን ሲሪስ 7 ነው የምጠቀመው፤ ውድ ነው፣ ቢሆንም በሳሙና እያጠብሁ ስለያዝኩት እስከ ዛሬ ጫፉ አልተከፈለም።

አሁን ለሃጩ። ትኩስ ፕላስቲክ ሙጫ ሞክሬአለሁ፤ ደመና ይመስላል፣ ተዉት። ኡሁ የተባለው የጀርመን ሙጫ ግን ድንቅ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ነክታችሁ ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኛው ስትስቡት እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥናል፤ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ፣ ትንሽ ሲወፍር ከሳባችሁት ክሩ አይበጠስም። ማሟሟያ ስላለበት አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በእግሩ መርገጫ፣ ፈትኑት። ሁለተኛው ምርጫ ጌጣጌጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በዩቪ መብራት የሚደርቅ ሙጫ ነው። የጥፍር ማስዋቢያ መብራት ካላችሁ በደቂቃዎች ይጠነክራል፤ ጥራቱም እንደ መስታወት ነው። ክር ግን አይሳብም፣ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን አጋቡ፤ ክሩን በኡሁ፣ በክሩ ጫፍ የምትንጠለጠለውን ጠብታ ደግሞ በዩቪው። ጠብታዋን ስትጨምሩ ቅርጹን ገልብጣችሁ ሳይሆን አቁማችሁ አድርቁት፤ ለሃጭ ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰማይ አይንጠባጠብም። ዩቪው ሳይደርቅ ቆዳ ይጎዳልና ናይትሪል ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ምግብ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አትሥሩ። ድዱና ምላሱ ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ የሰውነቱን ቀሪ ክፍል ግን እንዳለ ተዉት፤ ሁሉም ካብረቀረቀ አፉ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አክሪሊክ ቀለሙን ከሥዕል ዕቃ መሸጫ፣ የዩቪ መብራቱን ከጥፍር ማስዋቢያ ዕቃ ነጋዴዎች ፈልጉ። ተራ የጥፍር ቀለም ግን አትሞክሩ፤ በውስጡ ያለው ማሟሟያ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ከዚህ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሊጡንና ብሩሹን አስመጡ፤ የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድምና አታስቸግሩት። የተጠናቀቀ ቅርጽ የምትልኩ ከሆነም ለሃጩን ሳትሠሩ ላኩት። እኔ ለእህቴ ልጅ የላክሁለት ቦሌ ሲደርስ ከስድስቱ ክሮች የቀረችው አንዲት ነበረች፤ ቱቦዋን ኡሁ በሚቀጥለው መንገደኛ ልኬለት ሌሎቹን አምስቱን ራሱ ሳባቸው።