ሦስት ድሮን ባንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር፦ እንዳይጋጩ ከፍታ እንዴት እንከፋፈል?

ወደብ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለቀረጻ ሁለት ሚኒ 3 እና አንድ ኤር 2ኤስ የሚባሉ ድሮኖች ባንድ ጊዜ ልናስነሳ ነው፤ ፈቃዱን አግኝተናል። ከፍታውን ለአንዱ ሚኒ 40፣ ለሌላው 65፣ ለኤሩ 90 ሜትር አድርገናል። ባለ 40ው የሚነሳው ከሆቴል ጣራ፣ ሌሎቹ ከሐይቁ ዳር ነው። ኤሩ እንቅፋት የሚያይ ሴንሰር ስላለው ሌሎቹን አይቶ ይቆማል ብለን ነው። ይበቃል?

ጢስ ዓባይ
ሴንሰሩን እርሱት። ኤር 2ኤስ ፊት፣ ኋላ፣ ላይና ታች ያያል፤ ጎኑ ግን ዕውር ነው። ሚኒ 3 ከታች በቀር ምንም የለውም። በስፖርት ሞድ (በፈጣኑ አበራረር) ደግሞ የኤሩም ይጠፋል። በዚያ ሞድ ሚኒው በሰከንድ 16፣ ኤሩ 19 ሜትር ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ከመጡ 100 ሜትሩ በ3 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ኤሩ ላይ ያለው ኤርሴንስ የሚባለው ማስጠንቀቂያም የሚሰማው ሰው የሚጭኑ አውሮፕላኖችን ምልክት ነው፣ የጓደኛችሁን ሚኒ አይደለም።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሪተርን ቱ ሆም፣ ማለትም ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው መመለሱ ነው። ሲግናል ሲቆረጥ ወይም ባትሪ ሲያልቅ ድሮኑ መጀመሪያ ወደተሞላለት የመመለሻ ከፍታ ይወጣል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤቱ። ሦስቱም ላይ 100 ከተሞላ የታችኛው የሁለቱን ከፍታ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሦስቱም 100 ላይ ይገናኛሉ። የየራሳችሁን ከፍታ ሙሉበት፣ 40፣ 65፣ 90። የታችኛው ከዛፍና ከሕንፃ በላይ መሆኑን አረጋግጡ። የታችኞቹን የሁለቱን ማክስ አልቲትዩድም (ከዚያ በላይ እንዳይወጡ የሚያግደውን ገደብ) ከየከፍታቸው 5 ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ዝጉት። መነሻችሁን 15 ሜትር አራርቁ። በ5 በ5 ደቂቃ ልዩነት ተነሡ፤ አለዚያ ባትሪው እኩል አልቆ ሦስቱም ባንድ ላይ ይመለሳሉ።

ቤዛዊት
ጢስ ዓባይ ጣራውን ዘለልከው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው እያንዳንዱ ከተነሳበት ነው፣ ከሐይቁ አይደለም። ጣራው 18 ሜትር ቢሆን የዚያ ድሮን 40 ከዳርቻው ሲለካ 58 ነው፤ ከባለ 65ው ጋር 7 ሜትር ብቻ ቀራቸው። 

የጣራውን ልክ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። ከዳርቻው አንዱን አስነሡ፣ ካሜራውን ዜሮ ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ የጣራው ጠርዝ የምስሉ መሃል ላይ ሲያርፍ ቁጥሩን አንብቡ። ያንን ከጣራው ድሮን ከፍታ ላይ ቀንሱ። በ18 ሜትር ሒሳብ 22 ይሙላበት ማለት ነው፤ ጣራው ላይ አንቴና ወይም የውኃ ታንከር ካለ ግን 22 ያስፈራል። እኔ ብሆን ሦስቱንም ከዳርቻው አስነሣለሁ።

ከፍታው የሚለካው በባሮሜትር (በአየር ግፊት መለኪያ) ስለሆነ ልዩነቱን ከ20 ሜትር በታች አታውርዱት። ባሕር ዳር ባለችበት ከፍታ የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢለወጥ 10 ሜትር ገደማ ያሳስታል።

ወደብ ዳር
ጣራው ቀረ። ጭልፊት ቢመጣስ? ሁሌ ወደ ላይ ውጡ ይባላል።

ጢስ ዓባይ
ብቻህን ስትሆን ልክ ነው። በተከፋፈለ ከፍታ ላይ ግን የሚወጣው ባለ 90ው ብቻ ነው። ሌሎቹ ከፍታቸውን ሳይለቁ ከሰው ርቀው ወደ ውኃው ይሽሹ፣ «ጭልፊት፣ 40» ብሎ ጮክ ማለት። ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ድሮን ቢወጣ እንኳ ባትሪውን ዳግም ቻርጅ እንዳታደርጉት።