ወሰን የሌለው አምላክ ለፍጥረት ስፍራ ለቀቀ ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት የሆነው ካባላ፣ «ኤን ሶፍ» የሚለው አምላክ መጨረሻም ወሰንም እንደሌለው ያስተምራል። ታዲያ ዓለምን ለመፍጠር ራሱን ሰብስቦ ባዶ ስፍራ ተወ ማለት እንዴት ይቻላል? በኤርምያስ «ሰማይንና ምድርንስ የሞላሁ እኔ አይደለሁምን?» ያለ አምላክ የሌለበት ስፍራ ተገኘ ማለት አይሆንምን?

መልስ፣ ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ የጠየቁት ነገር የካባላን ሊቃውንት ራሳቸውን ያከራከረ ነው። ትምህርቱ የጎላው እ.ኤ.አ. በ1572 በገሊላዋ ጽፋት ከተማ ባረፈው በይስሐቅ ሉርያ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ የጻፈው ጥቂት ስለ ነበር በብዛት ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ ሐይም ቪታል ነው። እንደ እነርሱ አገላለጥ፣ አስቀድሞ የኤን ሶፍ ብርሃን ሁሉን ሞልቶ ሌላ ነገር የሚቆምበት ስላልነበረ፣ ብርሃኑ ከመካከል ወደ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ይህም «ጽምጹም» ይባላል። በተለቀቀው ስፍራ የብርሃኑ ርዝራዥ ቀረ፤ ከዚያም ቀጭን የብርሃን መስመር ገብቶ አምላክ የሚገለጥባቸው አሥሩ «ሰፊሮት» ተዘረጉ። ስለዚህ በሉርያ ትምህርትም ቢሆን ስፍራው ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። ኢማኑኤል ሐይ ሪኪ ግን በ18ኛው መቶ ዓመት ነገሩን ቃል በቃል ወሰደው፤ አምላክ በራሱ ህላዌ በርኩስ ስፍራ አለ ማለት ክብሩን መንካት መስሎት ነበርና።

መልስ፣ ከወልድያ፦
እኔን የሚያሳምነኝ ሐባድ የተባለውን የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ የመሠረተው የሽኔዖር ዛልማን አሳብ ነው። እንደ እርሱ፣ የተሰወረው የአምላክ ብርሃን ለፍጡር እንዳይታይ ነው እንጂ አምላክ ከየትም አልራቀም። ቅኔ የሚቀኙ የኔታ ስንደዶ ከያዘ ሕፃን አጠገብ ተቀምጠው «ሀ» ሲያስቆጥሩ ቅኔያቸው ከልባቸው አልወጣም፤ ልጁ ግን ከዚያች ፊደል በቀር አያይም። እውቀታቸውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢያፈሱበት ልጁ ፊደሏንም ባልያዘ ነበር።

መልስ፣ ከወረኢሉ፦
አሰላሙ ዓለይኩም። በቁርኣን «ከደም ጋኑ ጅማት ይበልጥ ወደርሱ ቅርብ ነን» የሚለውን እየሰማን ላደግን፣ የወልድያው ወንድማችን ያመጡት አሳብ እንግዳ አይሆንብንም። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከአምላክ የራቀ ነገር ከሌለ ፍጡር ራሱ በእውነት አለን? ሽኔዖር ዛልማን ሁለት ዓይነት አንድነት ይለያል፤ በላይኛው ፍጥረት ሁሉ በአምላክ ፊት እንደሌለ ነው፣ በታችኛው ግን ፍጥረት አለ፣ ትእዛዝም ይጠበቅበታል። እኔ የምቸገረው ሁለቱ ባንድ ጊዜ እውነት ናቸው ሲል ነውና፣ የገባው ሰው ቢያስረዳኝ እወዳለሁ።