በባንጋሎር ነባር የቬጂቴሪያን ምግብ ቤቶች ጾመኛ ምን መብላት ይችላል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። እናቴን ለልብ ሕክምና ወደ ባንጋሎር ይዤ እሄዳለሁ፤ ቀጠሮው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለዋለ ከሕክምናው ባልተናነሰ ያስጨነቀኝ የምግቡ ነገር ነው። የንስሐ አባቷ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ ነግረዋታል፤ እርሷ ግን «በሰው አገር ጾሜን አልሽርም» ብላ ቁርጧን አስታውቃለች። በከተማው ላልባግ ከሚባለው የዕፅዋት መናፈሻ አቅራቢያ፣ ሥጋና ዕንቁላል ገብቶበት የማያውቅ፣ መቶ ዓመት ያስቆጠረ የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ቤት ለጾመኛ ያስተማምናል? ምን ብትበላ ይሻላል? ከአበላል ሥርዓታቸውስ ማወቅ ያለብን ነገር ይኖራል?

መምህር ከኮምቦልቻ

እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። በባንጋሎር አራት ዓመት ተምሬ ስለተመለስሁ የማውቀውን ልንገርዎ። የሰሙት ቤት ማቫሊ ቲፊን ሩምስ፣ በአጭሩ ኤም ቲ አር የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጋንዲ ባዛር በሚባለው ሰፈር ደግሞ ከ1943 ጀምሮ በዶሳው ስሙ የገነነው ቪድያርቲ ባቫን አለ። ሥጋን በተመለከተ ሁለቱም ምንም ሥጋት የለባቸውም።

ነገር ግን አጥብቀው እንዲይዙልኝ የምለምንዎ ነገር አለ። በሕንድ «ቬጂቴሪያን» የሚባለው እኛ የጾም የምንለው አይደለም። ወተት፣ እርጎና ንጥር ቅቤ በእነርሱ ዘንድ ንጹሕ ምግብ ናቸው፤ እንዲያውም ለእንግዳ ክብር ሲባል ቅቤው ይበዛል። በታሸገ ምግብ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነጥብም ወተት የለበትም ማለት አይደለም። እኔ ይህን ባለመረዳቴ የመጀመሪያውን ዓመት ሁዳዴ እኩሌታ በቅቤ የተጋገረ ዶሳ ስበላ ቆይቼ፣ ያወቅሁ ዕለት እጅግ አዝኛለሁ።

ደስ የሚለው ግን የምግባቸው መሠረት ከእኛ የራቀ አለመሆኑ ነው። ዶሳ ማለት ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ፣ እርሱም እዚህ ቃሉ ውስጥ የሚዘራው የማሾ የቅርብ ዘመድ፣ ተዘፍዝፎና ብዙ ጊዜ ጥቂት አብሽ ተጨምሮበት ከተፈጨ በኋላ ሌሊቱን ቦክቶ በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ነው፤ እናትዎ ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙን ሲቀምሱ ቡኳቸውን ማስታወሳቸው አይቀርም። ተመሳሳይ ሊጥ በእንፋሎት ሲበስል ኢድሊ ይባላል። ቫዳ በዘይት የሚጠበስ የኡራድ ሊጥ ነው፤ ሳምባር ደግሞ ክክ ከአትክልትና ሮቃ ከሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ ጋር የሚሠራበት ወጥ ነው። እነዚህ ያለ ቅቤ ሊቀርቡ ይችላሉ። ራቫ ኢድሊን ግን አይዘዙ፤ ይህ ምግብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዝ ሲጠፋ ኤም ቲ አር ሰሞሊና በሚባል ሸካራ የስንዴ ዱቄት የፈጠረው ሲሆን እርጎ ከሊጡ ጋር ስለሚዋሐድ ማውጣት አይቻልም። ፖንጋልና ቢሲ ቤሌ ባት የሚባሉት የሩዝና የክክ ምግቦችም ቅቤው አብሮ የሚበስልባቸው ናቸው።

አስተናጋጁን ካንናዳ በሚባለው የአካባቢው ቋንቋ «ቱፓ ቤዳ» ይበሉት፤ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። «ሞሰሩ ቤዳ» እርጎውን፣ «ሃሉ ቤዳ» ወተቱን ያስቀራል። «ኤኔ ሃኪ» ካሉት በዘይት ይጋግርልዎታል።

ኡሙ ሐያት (ኮምቦልቻ)

አላህ ለእናትዎ አፊያቸውን ይመልስላቸው። አባቴን ለሕክምና ቼናይ ወደምትባለው ሌላ የደቡብ ሕንድ ከተማ ወስጄው በነበረ ጊዜ እንዲህ ያሉ ቤቶች ለእኛም ትልቅ እፎይታ ሆነውልናል፤ ሥጋው እንዴት ታረደ ብሎ መጨነቅ አልነበረምና። ወደ ቼናይ የሚሄድ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ እዚያ ቋንቋው ታሚል ስለሆነ ለቅቤው «ኔይ ቬንዳም» ይበል።

መምህሩ ሳምባርን በጾም ምግብነት መድበውታል፤ በመሠረቱ ልክ ናቸው፤ ሆኖም አንዳንድ ቤት ሰናፍጩና ቅጠሉ የሚቁላላው በቅቤ ነውና በየቤቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከኮኮናት የሚሠራው ቻትኒ የሚባለው ማባያም እንዲሁ እርጎ ሊገባበት ይችላል።

ስለ አበላሉ ግን ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። እነርሱም እንደ እኛ በቀኝ እጅ ይበላሉ፤ ማዕዱ ግን የጋራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የሙዝ ቅጠል ወይም ሳህን ይቀርብለታል፤ አፍ የነካው እጅ የሌላውን ምግብ መንካቱ በባህላቸው እንደ መርከስ ስለሚቆጠር ጉርሻ መስጠት ያስደነግጣቸዋል። አባቴ በአጠገባችን ለተቀመጡ አዛውንት ከፍቅር የተነሣ ሊያጎርስ እጁን ሲዘረጋ ሰውየው በትሕትና ወደ ኋላ አሉ፤ አባቴም ተንቄያለሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲከፋ ዋለ። እናትዎን አስቀድመው ቢያስረዱ ይህ ኀዘን አይደርስባቸውም። ገበታው የቀረበው በቅጠል ከሆነ ሲጨርሱ ወደ ራሳቸው አጥፈው ይተዉት።

እህተ ማርያም (ደሴ)

እኔ በምግብ ቤት ብቻ መታመንን አልደግፍም። ማብሰያ ያለው ማረፊያ ተከራይታችሁ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ይዛችሁ ብትሄዱ የታመመ ሰው የለመደውን ሲያገኝ ይበረታል። ከዚህም ሌላ ኡዱፒ በሚባለው የነባር ቤቶች ወግ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስለማይገባ፣ ወጥ በሽንኩርት ለለመደ ሰው ጣዕሙ መጉደሉ አይቀርም። ለልብ ሕመም ግን የጨውና የዘይቱን መጠን ሐኪማቸው ይወስን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ በዚያን ሰዓት ምግብ ይገኛል? ቡናስ?

መምህር ከኮምቦልቻ

በነባሮቹ ቤቶች ሙሉው የሩዝ ምሳ የሚቀርበው በእኩለ ቀን ነው፤ ስለዚህ ያመልጣቸዋል። ቲፊን የሚባለው፣ ማለትም ዶሳው፣ ኢድሊውና ቫዳው፣ ጠዋት ቀርቦ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጀመራል፤ ትንሽ ቢጠብቁ ይደርሱበታል። ቅዳሜና እሑድ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በሽተኛ ይዞ መሄድ አይመከርም። ቡናቸው ቺኮሪ ከሚባል ሥር ጋር ተቀላቅሎ፣ ተጠልሎ፣ በወተት ይቀርባል፤ «ሃሉ ቤዳ» ካሉ ጥቁሩን ይሰጧቸዋል፤ ጣዕሙ ግን የወሎን ቡና አይሆንላቸውም፤ ቆልተው ቢይዙላቸው ይሻላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ቃላቱን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጫለሁ። የጉርሻውን ነገር ዛሬ ማታ ነገርኋት፤ ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «እንግዲያው አንተን አጎርሳለሁ» አለችኝ።